ሩሐማ ያላለችው ቃል

ሩሐማ የሰው ድምፅ ወደ ጽሑፍ እየመለሰች የምትኖር ሴት ናት። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ የአገሮችን ድርድርና የግጭት አፈታትን የሚያጠና አንድ የምርምር ማዕከል አለ፤ እዚያ መሥራት ከጀመረች ስምንተኛ ዓመቷ ነው። ተመራማሪዎቹ ገጠር ይወርዱና ሽማግሌ አስቀምጠው፣ ጠይቀው፣ ቀርጸው ይመለሳሉ። እሷ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ የተባለውን ሁሉ፣ ሳሉን ሳይቀር፣ ትጽፋለች።

የማዕከሉ ነገር ከተነሣ አይቀር እውነቱ ይነገር። በዚያ ኮሪደር ስለ እርቅ የማይናገር ግድግዳ የለም፤ የተጨባበጡ እጆች፣ ክብ ሠርተው የተቀመጡ ሰዎች፣ የነጭ ርግብ ሥዕል። ጎን ለጎን ቢሮ ያላቸው ሁለት መምህራን ግን በአንድ ፕሪንተር ሰበብ ተኳርፈው ሰላምታ ካቋረጡ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። እነሱን ስለማስታረቅ እስካሁን የቀረበ ጥናት የለም።

ሩሐማ በዚህ አትስቅም፤ አታዝንምም። ለሁሉም ነገር መልሷ «እሺ» ነው። ቅዳሜ ግቢ ሲሏት እሺ፤ አከራይዋ ክፍል ቀይሪ ሲላት እሺ፤ አንድ ደህና ሰው ለትዳር ሲጠይቃት እሺ ብላ፣ ያው ሰው በኋላ ሐሳቡን ሲቀይርም እሺ ብላለች። የሚያውቃት ሁሉ ጨዋ ናት ይላታል። ጨዋነት ግን አይደለም። ውስጧ የሆነ ቦታ እንደ ተቀመጡበት እግር ደንዝዞ ቀርቷል። እግር ቢደነዝዝ ቆይቶ መንዘር ይጀምራል፤ ይሄኛው ወንድሟ ግሩም ከሞተ ወዲህ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን እንኳ አልነዘረም።

ግሩም የሞተው ዱርቤቴ አጠገብ፣ በመስኖ ውኃ ተራ ነው። በዚያ አገር «የውኃ አባት» የሚሉት ሰው አለ፤ ቦዩን ማን በየትኛው ቀን ወደ ማሳው እንደሚመልስ የሚወስን እሱ ነው። በዚያ ሰሞን የውኃ አባቱ ታምሞ ተኝቶ ነበርና ግሩምም፣ የጎረቤት ልጅ አዘዘም፣ ተራው የእኔ ነው አሉ። ማለዳ ቦዩ ላይ ተገናኙ። አዘዘ በአካፋው እጀታ መታው፤ አንዴ ብቻ። ሩሐማ ከባሕር ዳር የደረሰችው ለቀብሩ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአገሩ ልማድ የሚሆነው ነው። አዘዘ መሣሪያ ይዞ ጫካ ገባ። የሁለቱ ቤት ሰዎች በአንድ ገበያ መዋል፣ ከአንድ ምንጭ መቅዳት ተዉ። የሩሐማ አጎቶች ጠመንጃቸውን መወልወል ያዙ። በመካከል አያ ገድሉ የሚባሉ ሽማግሌ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዚያ ቤት እዚህ ቤት ተመላለሱ። ደም የተቃቡ ወገኖች እርቁ እስኪያልቅ ፊት ለፊት አይተያዩምና፣ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርስ ሽማግሌ ብቻ ነው። በመጨረሻ ለሩሐማ አባት የደረሳቸው ቃል፣ አዘዘ «ግሩም ወንድሜ ነበር» እያለ መሬት ላይ ተንከባሎ አለቀሰ የሚል ነበር። አባቷ ይህን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው «ይሁን» አሉ።

አዘዘ እጁን ሰጠ፤ ተፈረደበትና ስድስት ዓመት ታሰረ። ሁለቱ ቤቶችም ታረቁ። አባቷ ያችን ቃል ይዘው ኖሩ፤ ከሁለት ዓመት በፊትም ይዘዋት ሞቱ። ሩሐማ በዚያ የሽምግልና ሰሞን ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። አያ ገድሉ ወደ እሷ ዞረው «አንቺስ ልጄ?» ሲሏት አንድም ቃል አልወጣትም።

ከእርቁ ወዲህ ግን አንድ ነገር ግራ ያጋባታል። የአዘዘ እናት እማማ ፀሐይወርቅ በየዓመቱ መስከረም ላይ እሸት በቆሎ በማዳበሪያ ከረጢት አስረው በሚኒባስ ይልኩላታል። ለአባቷ አይደለም፣ ለአጎቶቿም አይደለም፤ ለእሷ። ሩሐማ በቆሎውን እንደታሰረ ሹም አቦ ሰፈር ላለችው ጎረቤቷ፣ ለባለ ሱቋ ለዘይነት ትሰጣለች። ዘይነት «አንቺ ለምን አትቀምሺም?» ብትላት «ሆዴን ያመኛል» ትላለች።

ከሁለት ወር በፊት ደግሞ አሮጊቷ ራሳቸው ደወሉ። አዘዘ ከእስር ወጥቶ፣ አግብቶ፣ ሴት ልጅ ወልዷል። በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ሩሐማ የክርስትና እናቷ ትሁንልን ብለው ለመኗት። ሩሐማ «እሺ» አለች። ስልኩን ዘግታ ወደ ጽሑፏ ተመለሰች።

ክርስትናው እሑድ ሊሆን፣ ማክሰኞ ከሰዓት አዲስ የድምፅ ቅጂ ደረሳት።

የዘንድሮው ጥናት የዶክተር አማኑኤል ነው። አገር ከአገር ሲደራደር መካከል ላይ ያለው መልእክተኛ ከአንዱ ወደ ሌላው ቃል ሲያደርስ ምን ይቀንሳል፣ ምን ይጨምራል የሚለውን ከገጠር ሽማግሌዎች ሥራ ጋር ያነጻጽራል። ዶክተሩ ጥሩ ሰው ነው፤ ጥፋቱ ጥናቱን ከሰው አብልጦ መውደዱ ብቻ ነው። ደንቡም ጥብቅ ነው። ስም አይጻፍም። ተናጋሪው «ተሳታፊ» ተብሎ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በወሬው መካከል የጠራው ስም ሁሉ ይወጣና በቦታው «ሟች»፣ «ገዳይ»፣ «እናት» ይገባል። ሰውየው ዝም ካለ ዝምታው በሰከንድ ተቆጥሮ በቅንፍ ይቀመጣል። ጨርሶ ያልተያዘ ንግግር ካለ «(አይሰማም)» ይባላል። ሩሐማ ስም ስታወጣ እጇ አይሳሳትም፤ ዝምታንም ሰዓት ሳታይ መቁጠር ለምዳለች።

ተሳታፊ ዐሥራ አራትን ያወቀቻቸው በሳላቸው ነው። ከሳሉ ቀጥሎ ድምፁ መጣ።

«የአገሮቹን አላውቅም፤ የእኛን ልንገርህ» ይላሉ አያ ገድሉ። «ልጁ ጫካ ነው። እናቱ ‘ባወጣው ይገድሉብኛል’ ብላ ደብቃዋለች። የሟቹ እህት ከተሜ ናት፣ የተማረች፤ እነሱ የሚፈሩ እሷን ነበር። ‘አጎቶቿን የምታስነሣ እሷ ናት’ ይላሉ። ሄጄ ጠየቅኋት። አንድ ቃል አልተነፈሰች። እኔ ምን ላድርግ? ወደ ልጁ እናት ወጣሁና፣ እህቲቱ ‘የግሩም ቤት ጨለመ፤ ይበቃል፤ የእናንተ ቤት አይጨልምብኝ’ ብላለች አልኋት። ሴትዮዋ መሬት ወደቀች። በማግሥቱ ልጇን ይዛ ወጣች።»

የዶክተሩ ድምፅ «ቅድም ያሉኝ፣ ገዳዩ አለቀሰ የሚለውስ?» ይላል።

«የት ያለቅሳል!» ይሥቃሉ አያ ገድሉ። «ደርቆ ነበር። የሟቹን ስም እንኳ አልጠራ። እናቱ እንደምትለኝ እስከ ዛሬም ጠርቶት አያውቅ።»

ሩሐማ ቅጂውን አቁማ ወደ ኋላ መለሰችው። እንደገና ሰማችው። መጀመሪያ የመጣባት የአባቷ ጋቢ ነው፤ ወደ ፊታቸው ሲስቡት፣ «ይሁን» ሲሉ። ከዚያ በቆሎው። ስምንት ከረጢት በቆሎ፣ አንዲትም ፍሬ ያልቀመሰችው፣ አፏ ላልተናገረው ቃል የተላከ። መናደድ ፈለገች፤ አልመጣላትም። መጻፍ ጀመረች። «ግሩም» የሚለውን አውጥታ «ሟች» ብላ አስገባች። እጇ የቆመው «እህት» ብላ ራሷን የምትጽፍበት ላይ ሲደርስ ነው። ቆይታ ንግግሩን፣ አርባ ሰከንዱን በሙሉ፣ ሰረዘችና «(አይሰማም)» ብላ አለፈችው። በስምንት ዓመት ሥራዋ ሐሰት ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ዶክተር አማኑኤል ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ሩሐማ፣ ዐሥራ አራት ላይ አርባ ሰከንድ አይሰማም ብለሻል። እኔ እኮ ፊት ለፊታቸው ነበርኩ። የጥናቱ አንጀት ያቺ አርባ ሰከንድ ናት። ጄኔቫ ላይ አንድ የአገር መልእክተኛ ይህን ቢያደርግ ምዕራፍ ይጻፍለታል። እኚህ ሰው ሁለት መንደር መካከል ላይ ሆነው፣ ማንም ሳያስተምራቸው፣ በሁለቱም ወገን አፍ ቃል ጨመሩ። ለጉባኤው የማቀርባት እሷን ነው። ማዳመጫ እንቀይር እንዴ?»

«ይሰማል» አለች ሩሐማ።

«ታዲያ?»

«እህቲቱ እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። ስድስት ሰከንድ።

«ይቅርታ። አላወቅኩም።» መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠራረገው፤ ሳያደርገውም ቆየ። ሰውየው ማዘኑ እውነት ነው፤ ግን የለመደ አፍ አያስችለውም። «እንግዲህ ፈቃደኛ ከሆንሽ… የአንቺንም ወገን ብንቀርጸው ትልቅ ነገር ነበር። እሑድ ይመችሻል?»

«እሑድ ክርስትና አለብኝ።»

«የማን?»

«የገዳይ ልጅ» አለች፣ በልማዷ ስሙን አውጥታ።

ዶክተሩ ያን ጊዜ አፈረ። ጆሮው ድረስ ቀላ። «ከፈለግሽ ይውጣ፤ አልጠቀምበትም። ውሳኔው ያንቺ ነው» ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ትቶላት ሄደ። ሩሐማ ከሰዓት በኋላ ማዳመጫዋን መልሳ ደፋች፤ አርባውን ሰከንድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፈችው። የተባለ ነገር ስለሆነ ጻፈችው እንጂ ለጉባኤው ብላ አይደለም።

ዓርብ ከሥራ ስትወጣ ታክሲ አልያዘችም፤ በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ በእግሯ ሄደች። እስከ ማክሰኞ ድረስ ነገሩ ቀላል ነበር። ዱርቤቴ መሄድ፣ ሕፃኗን ማቀፍ፣ የሰጧትን መብላት፣ መመለስ። አሁን ግን አሮጊቷ የልጅ ልጃቸውን የሚሰጧት እሷ ባልተናገረችው ቃል ነው። ዝም ብላ ብትቀበል፣ የክርስትና ዝምድና እስከ መቃብር ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ተሸክማ ልትኖር ነው። ብትናገር ደግሞ ያ ቤት የቆመበትን ምሰሶ በገዛ እጇ ልትነቅል ነው። እስከ ቤቷ ድረስ ይህን አወጣች አወረደች። ዘይነት ከሱቋ ብቅ ብላ «ፊትሽ ምን ሆኗል?» አለቻት። «ምንም» አለች ሩሐማ፤ እውነቷንም ነበር።

ተዘግቶ የከረመው መንገድ በዚያ ሳምንት ተከፍቶ ነበር። ቅዳሜ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዛ፣ ሁለት ኬላ ላይ ወርዳ ተፈትሻ፣ ከቀትር በኋላ ዱርቤቴ ገባች። ሰተት ብላ የሄደችው አያ ገድሉ ቤት ነው። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የፍየል ገመድ ይጎነጉኑ ነበር። ሲያዩዋት ሊነሡ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እንቢ አለ።

«ይቀመጡ፣ አያ» አለችና ከጎናቸው ዱካ ላይ ተቀመጠች። «ድምፅዎን ሰማሁት። ለዶክተሩ የነገሩትን የምጽፈው እኔ ነኝ።»

አያ ገድሉ ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «አንቺ ነሽ የምትጽፊው?»

«እኔ ነኝ። ዋሹብኝ።»

«ዋሸሁልሽ በይ» አሉ፣ ሳይቆጡ። «ዝምታሽን ይዤ የት ልሂድ? ዝምታ እነሱ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? ጠመንጃ ነው የሚሆን። ሌላ ሁለት ሬሣ ነበር የሚወጣ። መንገድ ላይ ቃል አለበስሁት፤ ይኸው ነው።»

«ቤታቸው ይጨልም ብዬ አስቤ ቢሆንስ?»

«አስበሽ ነበር?»

ሩሐማ ያንን ቀን ፈለገችው። ጥጉን፣ የተቀመጠችበትን አጎዛ፣ የአባቷን እግር አገኘች። ከዚያ በላይ የተገኘ ነገር የለም። «ምንም አላሰብሁም» አለች። «ለአባቴስ? አለቀሰ ያሏቸው?»

አያ ገድሉ የገመዱን ጫፍ በጣታቸው ፈተሉ። ዘጠኝ ሰከንድ።

«እሱ ይከብደኛል» አሉ በመጨረሻ። «ያንቺ አይከብደኝም፣ የአባትሽ ይከብደኛል። ዛሬ ባይል ነገ ይላል ብዬ ነበር ያልሁት። ልጅ ነው፣ ደንግጧል፣ ሲበርድለት ይላል ብዬ። አባትሽ ሞቱ፤ እሱ ዝም እንዳለ ነው። ለዚያ የከተማ ሰው እየሣቅሁ ያወራሁት እንዳይታወቅብኝ ነው።»

«ነገ እነግራቸዋለሁ።»

«አላስገድድሽም። ያን ጊዜም አላስገደድሁሽ። ግን ሴትዮዋ በዚያች ቃል ነው ተኝታ የምታድር፤ ይህን እወቂ።» ገመዳቸውን አነሡ። ራት ቀረበ፣ በሉ፣ መኝታ ተነጠፈላት። ስለ ነገሩ ዳግም አልተነጋገሩም።

እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ሕፃኗን በነጭ ነጠላ ጠቅልለው አሳቀፏት። ቄሱ ወደ ምዕራብ ዙሪ አሏት፤ ዞረች፤ የሚሉትን እየተቀበለች ሰይጣንን ካደች። ወደ ምሥራቅ ዙሪ አሏት፤ ዞራ አመነች። ሁሉንም ያለችው በሕፃኗ ፈንታ ነው፤ የክርስትና እናት ሥራዋ ይኸው ነው፣ አፍ ላልፈታ ሰው ቃል መስጠት። ሩሐማ የመጨረሻውን ቃል ብላ ቀና ስትል አያ ገድሉ በምርኩዛቸው ተደግፈው ያዩዋታል። ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ሌላ መለሱ። ሕፃኗ ውኃ ውስጥ ገብታ ስትወጣ ጮኸች፤ አንገቷ ላይ ማተብ ታሰረላት፤ ጸጥ አለች።

ቤት ሲደርሱ ሰዉ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ሩሐማን መደቡ ላይ፣ ከእማማ ፀሐይወርቅ ጎን አደረጓት። አሮጊቷ ቀጭን ናቸው፤ አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። እጇን ይዘው አልለቀቁም። አዘዘ ጆግና ሳፋ ይዞ እንግዳ ያስታጥባል። ከፍ ያለ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ሆኗል። እሷ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ውኃውን አፈሰሰላት፤ ቀና ብሎ አላያትም። ውኃው ይቀዝቅዝ ይሙቅ አልተሰማትም።

ገና እንጀራው ሳይቀርብ እማማ ፀሐይወርቅ እጃቸውን አነሡና ቤቱን ዝም አሰኙት።

«ልጄ፣ ያቺን ቃልሽን የሰማኋት በሽማግሌ አፍ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ልጃችን ልጅሽ ሆናለችና ነፍሴ ሳትወጣ ካንቺ አፍ ልስማት።»

አያ ገድሉ የጠላ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። ሕፃኗ በሩሐማ ጭን ላይ ተኝታለች። እሺ ብሎ ቃሉን መናገር ቀላል ነበር፤ ማክሰኞ ሰምታው፣ ሐሙስ ጽፋው፣ በቃሏ ይዛዋለች። ሩሐማ ግን እሺ አላለችም።

«እማማ» አለች፣ «ያን ጊዜ እኔ አላልሁትም። አያ ገድሉ ናቸው ያሉልኝ። ጠየቁኝ፣ ዝም አልሁ።»

ሰዉ ተንቀሳቀሰ። የአሮጊቷ እጅ እጇ ላይ ሲደርቅ ተሰማት። ከወንዶቹ አንዱ «ምን?» አለ፤ ሌላው ያዘው። አያ ገድሉ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው የሚመጣውን ይጠብቃሉ። ሩሐማ ከአሁን በኋላ የሚሆነውን አላወቀችም፤ ቀጠለች።

«ያኔ ክፉም ደግም አልነበረኝም። አሁን ግን ጠየቁኝ፤ አሁን ልበለው።» ስሙን አውጥታ «ሟች» እንዳትል ተጠነቀቀች። ስም ማውጣት የለመደ አፍ ነውና ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው አለችው። «የግሩም ቤት ጨለመ። ይበቃል። የእናንተ ቤት አይጨልምብኝ።»

በዚያ ቤት ያ ስም ጮክ ተብሎ ሲጠራ በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ነበር። እማማ ፀሐይወርቅ አላለቀሱም፤ እጃቸው ብቻ መልሶ እጇን ጨበጠ። ሌላው ሁሉ ዝም አለ። ሩሐማ እንደ ልማዷ ዝምታውን ቆጠረች። ሦስት። ስድስት። ዘጠኝ።

ዐሥራ አንድ ላይ፣ ከበሩ በኩል፣ አዘዘ ጆጉን እንደያዘ «ግሩም» አለ።

ቆሞ ጠበቀ፤ ከስሙ በኋላ የሚለው አልነበረውም። የሚመልስለት ሰው ስለሌለ፣ ሩሐማ «አቤት» አለችው።